ከእራፊ የሰፋሁት ጆጎሪ (የኮሪያ አጭር የላይ ልብስ) ብብቱ ላይ ተቀደደ፤ ጥፋቱ የስፌቱ ነው ወይስ የቅዱ?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ መነሻውን በራሴ አንደበት ላስቀድም፤ ከዚያ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እተርካለሁ።

በደቡብ ኮሪያ በሠራሁባቸው ዓመታት የቤት አከራዬ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጆጋክቦ መስፋት አስተማሩኝ። ጆጋክ ቁራጭ ማለት ነው፤ ቦ ደግሞ መጠቅለያ ጨርቅ። ከልብስ ቅድ የተረፈ እራፊ እየተጋጠመ ይሰፋና ስጦታ ይጠቀለልበታል፣ ምግብ ይሸፈንበታል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ብርሃን እንዲያሳልፍ መስኮት ላይ ይሰቀላል። አሮጊቷ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሞሺ የሚባለውን ጨርቅ ነበር። ሞሺ የሳማ ወገን ከሆነ፣ ነገር ግን ከማይለበልብ ተክል ልጥ ተዘጋጅቶ የሚሸመን፣ በሙቀት ጊዜ ገላ ላይ የማይጣበቅ ስስ ጨርቅ ነው። ካውያ ብዙም አይነኩም ነበር። የእራፊውን ጠርዝ በእርጥብ ጣት ዳበስ አድርገው፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን እያሉ ሲስቡት፣ እጥፋቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ከዚያ መርፌው ከእጥፋቱ ላይ አንድ ሁለት ክር ብቻ እየነከሰ ይሄዳል። እኔ ስፌቱን ለማየት መነጽሬን አውልቄ ጨርቁን ዓይኔ ሥር ማስጠጋት ነበረብኝ።

ያስተማሩኝ ስፌት ሳምሶል ይባላል። ሁለቱ እራፊዎች ሲደራረቡ የአንደኛው ጠርዝ ከሌላኛው በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ይሰፋል፤ የበለጠው ጠርዝ አጭሩን አቅፎ ይታጠፋል፤ ከዚያም ተጋድሞ ዳግመኛ ይሰፋል። የተቆረጠ ጠርዝ በፊትም በጀርባም ስለማይታይ ጨርቁ ገበር አያስፈልገውም፤ ወደ ብርሃን ሲያዝም ስፌቶቹ ብቻ ጠቆር ብለው እንደ ተሳለ መስመር ይታያሉ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ስፌት፣ ከ60 ከሚበልጡ የሞሺ እራፊዎች፣ የኮሪያውያን ባህላዊ ልብስ የሆነውን የሃንቦክን የላይኛውን አጭር ክፍል፣ ማለትም ጆጎሪ፣ ከነእጅጌው ሰፋሁ። የእጅጌውን አገባብ ግን ከለመድኩት የሸሚዝ ቅድ ወሰድኩ። ሥራው ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። ለዘመድ ሠርግ ለብሼው ሄጄ፣ ሙሽራዋን ለማቀፍ እጄን ስዘረጋ፣ ግራ ብብቴ ሥር ቀጭን የመቀደድ ድምፅ ሰማሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ክሩ አልተበጠሰም፤ የተቀደደው ጨርቁ ራሱ ነው፤ ከስፌቱ ጎን ለጎን፣ በምላጭ እንደ ተሰነጠቀ ቀጥ ብሎ። ጥያቄዬም ይህ ነበር፤ የመጠቅለያ ስፌት ለገላ አይሆንም ማለት ነው ወይስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?

1ኛውን መልስ የሰጠችኝ በትርፍ ጊዜዋ የምትሰፋ እህት ናት። ስለ ድካሜ አዝና፣ በመልካም ቃል አጽናንታ፣ የተቀደደውን ቦታ ከውስጥ በኩል በፎቶ እንዳሳይ ለመነችኝ፤ አሳየሁ። በ2ኛው መልስ ፎቶውን ያዩ አንድ ሰው ክሩ ከምን እንደ ተሠራ ጠየቁ። ፖሊስተር መሆኑን ስነግራቸው፣ ክር ከሚሰፋው ጨርቅ መበርታት እንደሌለበት አስረዱኝ፤ ስፌቱ ሲወጠር ብርቱ ክር ጨርቁን እንደ መጋዝ ይበላዋልና። ክሩ ቢበጠስ መልሶ መስፋት ይቻላል፤ የተበላ ጨርቅ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ለሞሺ ስስ የሐር ወይም የጥጥ ክር እንደሚበቃም አከሉ።

3ኛዋ መልስ ሰጪ የሒሳብ መምህርት መሆናቸውን ገልጸው፣ የጀርባውን ፎቶ አጉልተው ቁራጮቹን ቆጠሩ። ጀርባው ጎን ለጎን ከተጋጠሙ 10 ቁራጮች የተሠራ ስለሆነ 9 ስፌቶች አሉት። ሳምሶል ከአንደኛው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከሌላኛው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ 9 ስፌት 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበላል። እኔ ለአንዱ ስፌት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይዤ ነበር የቀደድኩት፤ ማለትም ጀርባው ብቻውን ካሰብኩት በ4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጠቧል። እውነቱን ለመናገር፣ ልብሱ ሲጠበኝ የወፈርኩ መስሎኝ ለአንድ ሳምንት ያህል እራቴን ቀንሼ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ የፈታችው ግን 4ኛዋ ናት። ሃንቦክ በሚሰፋበት ቤት በረዳትነት የሠራች እንደሆነች ገልጻ በረጅሙ ጻፈች። በጆጎሪ ላይ እጅጌው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር ጂንዶንግ እንደሚባልና ቀጥ ያለ እንጂ እንደ ሸሚዝ ብብት በክብ የተጎረደ አለመሆኑን አስረዳች። እጅጌው ዝርግ ጨርቅ ሆኖ በአካሉ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ይሰፋል፤ ክቡ መስመር የሚመጣው ከእጅጌው ሥር፣ ጨርቁ እንደ ከረጢት በሚንዘረጠጥበት በኩል ብቻ ነው። ልብሱ መሬት ላይ ሲዘረጋ ጠፍጣፋ የሚሆነው፣ ሲለበስ ደግሞ ብብት ሥር ትርፍ ጨርቅ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው፤ እጅ ሲነሣ የሚዘረጋው ያ ትርፍ ነው። እኔ ያንን ትርፍ በሸሚዝ ቅድ ቆርጬ ጣልኩትና፣ ቀጥ ያለ መስመር የለመደውን ሳምሶል በክብ መስመር ላይ እንዲታጠፍ አስገደድኩት። ጠርዙ በጎረደው በኩል አልታጠፍ ሲል ሰው ምን እንደሚያደርግ እንደምታውቅ ጽፋ፣ ጠርዙን በመቀስ ነካ ነካ አድርጌ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አድርጌ ነበር። የተቀደደውም ከዚያው ከመቀሱ ጫፍ ተነሥቶ ነው።

ይኸው መልስ ሌላም ያላሰብኩትን ነገር ይዞ ነበር። አንድ ሳምሶል በስፌቱ ላይ አራት ድርብ ጨርቅ ነው፤ አራት እራፊዎች በአንድ ነጥብ ሲገናኙና ሁለት ሳምሶሎች ሲቋረጡ 16 ድርብ ይሆናል። መስኮት ላይ ለሚሰቀል ጨርቅ ይህ ምንም አይደለም፤ ብብት ሥር ግን ገላ የሚፈትግ ቋጠሮ ነው። ስለዚህ እራፊዎቹ እንደ ጡብ ግንብ ማዕዘናቸው እየተዛነፈ መደርደር አለባቸው፤ ትንንሾቹ ቀድመው ተጋጥመው ወደ ትልቅ ቁራጭ ያድጋሉ፣ ትልልቆቹ ቁራጮችም ከዳር እስከ ዳር በሚሄድ አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ይያያዛሉ። መርፌው በመሐል ማዕዘን እንዲዞር የሚያስገድድ አሠራር የሳምሶል ጠላት ነው።

5ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ከ4ኛው ጋር ተስማምቶ የሞሺን ጠባይ ጨመረበት። ሞሺ ሲረጥብ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ነገር ግን የመለጠጥ ባሕርይ ስለሌለው ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ ክሩ ይሰበራል። ለዚህ ነው አስተዋይ ባለቤት የሞሺ ልብሷን በየጊዜው እጥፋቱን እየቀየረች የምታስቀምጠው። ጸሐፊው በሳምሶል የተሰፋ መጋረጃው ዓመታት ቢያስቆጥርም አንድም ቦታ እንዳልተቀደደ፣ ምክንያቱም ማንም እንደማያጣጥፈው ነገረን።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በአንቱታና በእህትነት ስንነጋገር ቆይተናል። 6ኛው መልስ ግን በአንቺ ጀመረ። ጸሐፊው የልብስ ስፌት መኪና ላይ 20 ዓመት የተቀመጠ ባለሙያ መሆኑን አስታወቀና፣ የሰፋሁት ነገር በአማርኛ ስም እንዳለው፣ ስሙም ድሪቶ እንደሆነ ጻፈ። እናቶቻችን ድሪቶ የለበሱት ቸግሯቸው እንጂ ወደው እንዳልሆነ፣ ደህና ጨርቅ መግዛት የሚችል ሰው እራፊ ሲገጣጥም መዋሉ በድህነት ማላገጥ እንደሚመስለው፣ ብብቱ መቀደዱም እንዳልገረመው ደረደረ። ቃሉ ቆነጠጠኝ፤ ምክንያቱም ጆጎሪውን መጀመሪያ ያየች እናቴም ያንኑ ቃል በለስላሳ ድምፅ ብላኝ ነበር።

7ኛዋ ተቆጥታ መጣች። ሰውየውን ባለጌ አለችው፤ ከዚያም ጆጋክቦ የኮሪያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ያጌጠበት ጥበብ እንደሆነ፣ ዕድሜውም በሺህ ዓመታት እንደሚቆጠር በእርግጠኝነት ጻፈች። ቁጣዋ ለእኔ ያደላ ቢሆንም ነገሩ ልክ አልነበረም፤ ያረሙንም 8ኛው መልስ ሰጪ ናቸው። ኮሪያውያን የቤተ መንግሥቱን መጠቅለያ ጉንግቦ፣ የሕዝቡን ሚንቦ ብለው እንደሚለዩ፣ ከእራፊ የሚሰፋው በአብዛኛው የሕዝቡ እንደሆነ፣ ዛሬ በእጅ ያሉት ጆጋክቦዎችም ባብዛኛው የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች እንደሆኑ አስረዱ። ሰፊዎቹ ስማቸው ያልተመዘገበ የቤት እመቤቶች ናቸው። ሆ ዶንግህዋ የሚባሉ ሰብሳቢ ማንም ቁም ነገር ባላደረገው ጊዜ እነዚህን ጨርቆች ሲሰበስቡ ኖረው ስብስባቸውን ለሕዝብ ሰጡ፤ ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2021 በተከፈተው በሴኡል የእደ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

እኚሁ ሰው ለ6ኛው ጸሐፊም መልስ ነበራቸው፤ በእኔ ግምት ከመላው ውይይት የሚበልጠው እርሱ ነው። ጆጋክቦ መጠቅለያ ቢሆንም እራፊ ገጥሞ ልብስ መስፋት ለኮሪያውያን ባዕድ እንዳልሆነ ሁለት ምስክር ጠሩ። አንደኛው ሕፃን በተወለደ በ100ኛው ቀን የሚለብሰው ጆጎሪ ነው፤ ከ100 ቤት እራፊ ተለምኖ፣ 100 ቁራጭ ተጋጥሞ ይሰፋለት ነበር፤ የቁራጩ ብዛት ዕድሜ ይሆነዋል ተብሎ ስለሚታመን። ሁለተኛው ጋሳ የሚባለው የቡድሃ መነኮሳት መደረቢያ ነው፤ ሙሉው ጨርቅ ሆን ተብሎ ይቆራረጥና እንደገና ይገጠማል፤ ትልቁ እስከ 25 ረጃጅም ቁራጮች ይኖሩታል። ለሌባ የማይረባ፣ ለለባሹም መኩሪያ የማይሆን እንዲሆን ነው። እንግዲህ ድሪቶ የሚለው ቃል ለመነኩሴው ስድብ ሳይሆን የልብሱ ዓላማ ነው ማለት ይቻላል፤ የእኛም ባሕታውያን ቢሆኑ የተጣፈ ለብሰው የሚዞሩት ጨርቅ አጥተው ብቻ አይደለም።

9ኛዋ ወዲያው የፈረንሳዩን የፋሽን ቤት ሻኔልን አመጣች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 የቤቱ ዲዛይነር ካርል ላገርፌልድ ሴኡል ውስጥ በዶንግዴሙን ዲዛይን ፕላዛ ባሳየው ስብስብ ከጆጋክቦ የተቀዱ ባለ ቁራጭ ልብሶች እንደነበሩ አስታውሳ፣ ፈረንጅ ሲሰፋው ጥበብ፣ ሐበሻ ስትሰፋው ድሪቶ የሚሆንበትን ሕግ ባለሙያው እንዲያስረዳት በሽሙጥ ጠየቀች። ባለሙያው በ10ኛው መልስ ተመለሰ፤ አሁንም አልለዘበም። የሻኔል ደንበኛ የሰፊውን ቀን እንደምትከፍል፣ የእርሱ ደንበኛ ግን ለሁለት ወር ተኩል ድካም የአንድ ቀሚስ ዋጋ እንኳ እንደማትሰጥ፣ ሱቁን ዘግቶ እራፊ ቢገጥም ልጆቹ ምን እንደሚበሉ ጠየቀ። በዚህ ላይ ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ብሆን መልስ የለኝም። እኔ የሰፋሁት ደመወዜን ከሌላ ሥራ እያገኘሁ ነው።

11ኛውና 12ኛው ከመንገድ ወጡ። አንደኛው አያቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ ፎቶግራፎቻቸውን ጠቅልለው ያመጡበት ጨርቅ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ጻፈ፤ ሌላኛው የመጀመሪያው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ፑሳን መድረሱን ጠቅሶ አያቱ በስንተኛው ዙር እንደ ዘመቱ ጠየቀ። የመድረኩ አስተባባሪ በ13ኛው መልስ ስለ ዘመቻው ሌላ ውይይት እንዲከፈት በትሕትና አሳሰበ። እኔ ግን ጨርቁ ወጥ ይሁን ቁርጥራጭ ለማወቅ ጓጉቼ የዘማቹን የልጅ ልጅ በግል ጠየቅሁት፤ ወጥ ቀይ ሐር ነው።

በ14ኛው መልስ ወደ ስፌቱ ተመለስን። ጸሐፊዋ ሳምሶልን ትቼ ኬኪ በሚባለው ስፌት እንድሰፋ መከረች። (ስሙ ከኬክ ጋር ስለሚመሳሰል ሦስት ሰዎች ቀለዱበት፤ አልተረኩም።) በኬኪ ጨርቁ ታጥፎ ከእጥፋቱ ጫፍ ሥር ለጥቆ ይሰፋል፤ ትርፉ ተከርክሞ እንደገና ይታጠፋል፣ ይሰፋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲሁ። የሚቀረው ስፌት ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ዛሬ በመኪና ስለሚሠራም ፈጣን ነው፤ 9 ቁጥር መርፌና ስስ ክር ይበቃዋል። 15ኛው መልስ ይህን በጥብቅ ተቃወመ። ኬኪ የተፈጠረው እንደ ኖባንግ ላለ፣ ጠርዙ ቶሎ ለሚተረተር ስስ ሐር እንደሆነ፣ ሞሺን ግን ሦስት ጊዜ አጥፎ በካውያ መጨፍለቅ ክሩን ከመጀመሪያው መስበር እንደሆነ ተከራከረ። 14ኛዋ በሞሺም ሲሰፋ በዓይኗ ማየቷን ጻፈች፤ እርሱም ማየት መልበስ አለመሆኑን መለሰላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በጨርቅ ሳይሆን በጨዋነት ላይ ተከራከሩ። እኔ በግሌ ለሐር ኬኪን፣ ለሞሺ ሳምሶልን እመርጣለሁ፤ ወፈር ያለ ሐር ገበር ተደርጎለት ሲሰፋ ግን ከሁለቱም ጋምቺምጂል ይሻለዋል፤ የሁለቱ ቁራጮች ጠርዝ ቀድሞ ይታጠፍና፣ እጥፋትና እጥፋቱ ተገጥሞ በጥቃቅኑ ይዘመዘማል።

17ኛው መልስ ሐርና ጥጥ በአንድ ልብስ ቀላቅሎ መስፋት የሚያስከትለውን ነገር በአጭሩ አስጠነቀቀ፤ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ይኮማተራል፣ ሌላው ይቀራል፣ ልብሱም ይጨማደዳል። ለስፌት ከመቆረጡ በፊት እራፊውን ሁሉ ማጠብ ነው መፍትሔው።

ጆጎሪዬን ያዳነው 18ኛው መልስ ነው። ከ4ኛዋ እህት ሁለተኛ ጊዜ የመጣ ነበር። ሳምሆጃንግ በሚባለው የጥንት ጆጎሪ ላይ አንገትጌው፣ ማሰሪያው፣ የእጅጌው ጫፍና ብብቱ ከቀረው አካል በተለየ ቀለም ጨርቅ እንደሚሠሩ አስታወሰችን፤ የብብቱ ቁራጭ ግዮንማጊ ይባላል። ስለዚህ ብብቱን በእራፊ ለመሙላት ከመታገል ይልቅ አንድ ወጥ ጨርቅ ባስገባበት፣ ልብሱ ባህሉን ሳይለቅ እጅ የሚዘረጋበት ቦታ ያገኛል፤ ዓይንም ከ60 እራፊ መካከል ማረፊያ ያገኛል።

በ19ኛው ላይ ያደረግሁትን ጻፍኩ። ሁለቱን እጅጌዎች ፈታሁ፤ ፖሊስተሩን ክር አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነቅዬ ለመጨረስ አራት ምሽት ፈጀ። የጎረደውን የብብት መስመር ቆርጬ ቀጥ አደረግሁት፤ ከእጅጌው እስከ ጎኑ ድረስ ደብዛዛ ሰማያዊ ወጥ ሞሺ ገባበት፤ የ3ኛዋን እናት ሒሳብ ተከትዬም በየስፌቱ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያዝኩ። እጄን አንሥቼ መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ጨርቁ ተዘረጋ፣ ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ቀኙ ብብት ላይ አንድ ቦታ እራፊዎቹን ማዛነፍ ረስቼ 16 ድርቡ ቋጠሮ ቀርቷል፤ ይፈትገኛል። አንገትጌውም ገና ነው።

20ኛው መልስ ከባለሙያው ነበር። በአንቺ መጥራቱን አልተወም፤ ድሪቶ ያለውንም አላነሣም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለው ሳምሶል ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ እንደ ተጋደመ። ወደ ኋላ መሆኑን ጻፍኩለት።